ከወንበሩ ጀርባ የቆመው ሰው

ስልኬም የጋሼም ስልክ እኩል ጮኹ፤ ቴሌቪዥኑም ተከትሎ ጮኸ። ጃንዋሪ 13 ቀን 2024፣ ቅዳሜ ማታ ነው። (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኤድመንተን ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ ወርዷል። የአልበርታ ግዛት የመብራት ኃይል ሊያጥረው ጫፍ ላይ ስለደረሰ ለነዋሪው ሁሉ የአስቸኳይ ጊዜ መልእክት ተልኳል፤ የማያስፈልጋችሁን መብራት አጥፉ፣ መኪናችሁን ሶኬት ላይ አትሰኩ ይላል። እዚህ አገር በክረምት መኪና ሞተሩ እንዳይጠጥር ማታ ማታ እንደ ስልክ ይሰካል።

ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ተነሡና ኩሽናውን አጠፉ፣ ኮሪደሩን አጠፉ፣ ሳሎኑን አጠፉ። ተመልሰው ሲቀመጡ የቀረን የቴሌቪዥኑ ብርሃን ብቻ ነበር። የከተማችን የሆኪ ቡድን ኤድመንተን ኦይለርስ ሞንትሪያል ሄዶ እየተጫወተ ነው። ዘጠኝ ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል፣ አሥረኛውን ሊጨምር ነው። እሱን ለማጥፋት የሁለታችንም እጅ አልታዘዘም።

ካሜራው ከበረዶው ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር ዞረ። ከወንበሩ ጀርባ ሱፍ የለበሰ ሰው ቆሟል፤ አሰልጣኙ ክሪስ ኖብላክ ነው። ፊቱ ላይ ደስታም ጭንቀትም አይነበብም። ካሜራው ሁለት ሦስት ሰከንድ አየውና ተወው፤ የሚያሳየው ነገር ያገኘ አልመሰለኝም። እኔ ግን ቤቱ ጨለማ ስለነበር ይሆን ምን ይሆን፣ ያ ፊት ዓይኔ ላይ ቀረ።

ጨዋታው 1 ለ 1 አልቆ ጭማሪ ሰዓት ተጀመረ፤ ተከላካዩ ኢቫን ቡሻርድ አገባና 2 ለ 1 ሆነ። አሥር ድል። ጋሼ በጨለማው ውስጥ አጨበጨቡ።

«ይሄ አሰልጣኝ እጁ የተባረከ ነው» አሉ።

«ምን አደረገ ጋሼ?»

«አሸነፈ!»

«እኮ፣ ምን አድርጎ?»

ዝም አሉ። ጋሼ በዚህ ከተማ ብዙ ዓመት አውቶቡስ የነዱ፣ ሆኪን እኔ ሳልመጣ በፊት ጀምረው የሚያዩ ሰው ናቸው፤ መልስ የሚያጡ አይደሉም። ቆይተው «እስቲ አንተ ንገረኝ» አሉኝ። እኔም አላወቅሁም። ያ ጥያቄ ግን ክረምቱን ሙሉ ከእኔ ጋር ከረመ።

እኛ ልጅ ሆነን ገና ስንጫወት አሰልጣኝ የሚባል ነገር አልነበረም። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ከጫካ ይቆረጣል፣ ሩሯ ከእንጨት ትጠረባለች፣ ሰፊ ሜዳ ይፈለጋል፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተብሎ ይለያል፣ አለቀ። የተሸነፈ ቡድን የሚያባርረው ሰው የለውም። ጌታ እንኳ በዚያ ቀን አይቆጣም ይባል የለ? ኤድመንተን መጥቼ መጀመሪያ ሆኪ ሳይ የታየኝ ያው ገናችን ነበር፤ ዱላው አለ፣ ግፊያው አለ። ሩሯ ብቻ እዚህ ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ናት፤ ፓክ ይሏታል። 170 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ስትመታ እንዳትነጥር ከጨዋታ በፊት ፍሪጅ ውስጥ ታድራለች። ልዩነቱ ያ ሱፍ የለበሰው ሰው መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የእሱ ሥራ ከእግር ኳስ አሰልጣኝ ሥራ ይለያል። እግር ኳስ ላይ አሥራ አንዱን መርጠህ ታስገባለህ፣ ከዚያ በኋላ ብዙው ከእጅህ ወጥቷል። እዚህ በረዶው ላይ የሚሆኑት ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ናቸው፤ አንድ ተጫዋች ባለ በሌለ ኃይሉ ከ45 ሰከንድ ብዙም ሳያልፍ ሮጦ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፤ ጨዋታው ደግሞ አይቆምም። ስለዚህ አሰልጣኙ 60 ደቂቃ ሙሉ በየደቂቃው ይወስናል። ማን በማን ላይ ይግባ? የተጋጣሚው ኃይለኛ አጥቂ ሲገባ የትኛው ተከላካይ ይጠብቀው? ጨዋታ ተቋርጦ ሲጀመር መጨረሻ ላይ የመቀየር መብቱ የባለሜዳው ነው፤ እንግዳው ተጫዋቾቹን ካስገባ በኋላ አይቶ የእሱን ያስገባል። በራስ ሜዳ መጫወት ሆኪ ላይ ከጩኸት በላይ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው። ይህንን ሁሉ ቴሌቪዥን አያሳይም። ቴሌቪዥን ኳሷን ነው የሚከተለው።

ወደ ኖቬምበር 2023 ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ነው። ያኔ ከወንበሩ ጀርባ የሚቆመው ጄይ ዉድክሮፍት ነበር። በ2022 የውድድር ዘመኑ መሃል ላይ ቡድኑን ተረክቦ እስከ ምዕራብ ምድብ ፍጻሜ አድርሶታል፤ በሚቀጥለው ዓመት 50 ጨዋታ አሸንፎ 109 ነጥብ ሰብስቧል። ሦስተኛው የውድድር ዘመን ሲጀመር ግን 13 ጨዋታ ተጫውተው ያሸነፉት 3 ብቻ ሆነ። የሊጉ ጭራ ከነበረው ሳን ሆዜ ጋር ተጫውተው ተሸነፉ። ከዚያ ሲያትል ሄደው 4 ለ 1 አሸነፉ፤ በማግስቱ ዉድክሮፍት ተባረረ። አሸንፎ በማግስቱ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ያን ሰሞን ከተማው በሙሉ ምሳር ይዞ ነበር። ቡና ቤቱ፣ የሥራ ቦታው፣ የቤተ ክርስቲያኑ የመኪና ማቆሚያ ሳይቀር። ጋሼም «ድሮም ይሄ ሰውዬ አይረባም» ብለው ነበር። እኔም «ልክ ነው» ብዬ ነበር።

አሁን ሳስበው፣ ያን ጊዜ ከእጃችን ሳይርቅ የነበረ አንድ ቁጥር ማየት ነበረብን። የሊጉ ግብ ጠባቂዎች በአማካይ ወደ ግብ ከሚመጣ 100 ምት 90 ያህሉን ያድናሉ። በእነዚያ 13 ጨዋታዎች የኤድመንተን ግብ ጠባቂዎች ያዳኑት ከ87 በታች ነው። ሦስት አራት ኳስ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። አንድ ቡድን ላይ በአንድ ጨዋታ 30 ያህል ምት ይመጣበታል፤ መቶው በሦስት ጨዋታ ከትንሽ ይሞላል ማለት ነው። ስለዚህ ያች ልዩነት በየጨዋታው አንድ ተጨማሪ ግብ ትሆናለች። ሆኪ ደግሞ በአንድ ግብ የሚሸነፉበት፣ በአንድ ግብ የሚያሸንፉበት ጨዋታ ነው። ዉድክሮፍት ቆሞ በነበረበት ጊዜ ልጆቹ ከተጋጣሚዎቻቸው የበለጠ ጥሩ ጥሩ የግብ ዕድል ይፈጥሩ ነበር። ከፊት ያለው አልገባም፣ ከኋላ ያለው ግን ሁሉ ገባ። አንደኛው ግብ ጠባቂ ጃክ ካምቤል ከዋናው ቡድን ወርዶ ታችኛው ቡድን ወዳለበት ወደ ቤከርስፊልድ ተላከ። ሌላኛው ስቱዋርት ስኪነር የኤድመንተን ልጅ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ አድጎ፣ በዚያ ሰሞን እዚሁ ከተማ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ።

ኖብላክ መጣ። ከእሱ ጋር በ1980ዎቹ ለዚሁ ቡድን ሦስት ዋንጫ ያነሣው ፖል ኮፊ ተከላካዮቹን ሊይዝ መጣ። ድሉ ግን ወዲያው አልተከተላቸውም፤ ሁለት አሸነፉ፣ ሦስት ተሸነፉ፣ ስምንት አሸነፉ፣ ደግሞ ሦስት ተሸነፉ። ከዚያ ዲሴምበር 21 ላይ ያ 16 ጨዋታ የቆየ ድል ተጀመረ። የእኛን በዓሎች ተሻግሮ ነው የሄደው። በገና ዋዜማ ማታ ኦታዋን 3 ለ 1 ሲያሸንፉ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ፤ ውጤቱን ሌሊት መኪና ውስጥ፣ መስታወቱ ላይ የያዘው በረዶ እስኪቀልጥ ስጠብቅ ነው ያየሁት። በጥምቀት ዕለት ማታ ካልጋሪ ሄደው የጎረቤት ባላንጣቸውን በዚያው ውጤት አሸነፉ። ጃንዋሪ 27 ላይ ናሽቪል አሥራ ስድስተኛ ሆነ። በመጨረሻዎቹ 14 ጨዋታዎች በአንዱም ከሁለት ግብ በላይ አልገባባቸውም። ስኪነር ለብቻው 12 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ በክለቡ ታሪክ ማንም ግብ ጠባቂ ያላደረገው ነው።

ያው ስኪነር ነው። ያው እግር፣ ያው ጓንት። በኖቬምበር ያልያዛትን ኳስ በጃንዋሪ ያዛት፤ ለዚያ አንዱ አሰልጣኝ ተባረረ፣ ሌላው ተመሰገነ።

ኖብላክ ምንም አላደረገም ማለቴ አይደለም። የኮፊ ተከላካዮች ኳሷን በድንጋጤ መወርወር ትተው ይዘዋት መውጣት ጀምረዋል፤ ይህ በዓይን ይታይ ነበር። የምለው፣ ድሉ ራሱ ማስረጃ አይሆንም ነው። ዝናብ በወቅቱ በጣለበት ዓመት የሰፈሩ ገበሬ ሁሉ ጎበዝ ነው። ማን ጎበዝ እንደሆነ የሚለየው ዝናቡ የቀረ ዕለት ነው።

የሊጉ ትልቁ ተከታታይ ድል 17 ጨዋታ ነው፤ በ1993 ፒትስበርግ ፔንግዊንስ ያስመዘገበው። ኮከባቸው ማሪዮ ለሚዩ የካንሰር ሕክምናውን ጨርሶ በተመለሰበት ወር ነው የጀመሩት፤ ዱላ ይዞ በረዶ ላይ ከወጣ ሰው ሁሉ ያን ወቅት እሱን የሚያክል አልነበረም። ከወንበሩ ጀርባ የቆመው ስኮቲ ቦውማን ነው፤ በዋና አሰልጣኝነት ዘጠኝ ዋንጫ የወሰደ፣ ከሱ በላይ የወሰደ የሌለ ሰው። በማርችና በኤፕሪል ማንም ያልቻላቸው እነዚያ ልጆች፣ በሁለተኛው ዙር ማጣሪያ ሰባተኛው ጨዋታ ላይ በጭማሪ ሰዓት በኒውዮርክ አይላንደርስ ተሸንፈው ወጡ። ታዲያ ቦውማን በአንድ ወር ውስጥ አዋቂነቱ ጠፋበት? ለሚቀጥለው የውድድር ዘመን ዲትሮይት ሄደ፤ እዚያም ሦስት ዋንጫ ወሰደ።

ከቦውማን ይልቅ ግን የዴቭ ሃክስቶል ነገር ይገርመኛል። በ2016 መጨረሻ ፊላዴልፊያ ፍላየርስን ይዞ አሥር ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ ወቅቱ ሲያልቅ ቡድኑ ለማጣሪያው ሳያልፍ ቀረ። በሊጉ ታሪክ አሥር አከታትሎ አሸንፎ ሳያልፍ የቀረ የመጀመሪያው ቡድን ነው። በማግስቱ ዓመት ያው ሰው ያንኑ ቡድን ይዞ አሥር ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ፤ ወቅቱ ሲያልቅ አለፉ! አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር። የአሥሩን ድል አይተህ ጎበዝ ብትለው ትሳሳታለህ፣ የአሥሩን ሽንፈት አይተህ አይረባም ብትለውም ትሳሳታለህ። ደግሞ ልጨምርላችሁ፦ ዉድክሮፍት ከመባረሩ በፊት በመጨረሻው ማታ 4 ለ 1 ያሸነፈው የሲያትል ቡድን አሰልጣኝ ይኸው ሃክስቶል ነበር። በዚያ ማታ ሁለቱ ሰዎች በበረዶው አንድ ወገን፣ ጎን ለጎን ካሉ ወንበሮች ጀርባ ቆመዋል፤ የተሸነፈው ሥራው ላይ ቆየ፣ ያሸነፈው በማግስቱ ቤቱ ገባ።

ታዲያ ምን ይታይ? የጋሼን ጥያቄ መልስ መጀመሪያ ያገኘሁት ከትልቁ ሊግ አይደለም፤ ከልጄ ሜዳ ነው።

ኤድመንተን ውስጥ በየሰፈሩ የውጭ በረዶ ሜዳ አለ። ክረምት ሲገባ ሰዎች ማታ በጎማ ውኃ ያፈሳሉ፣ ጠዋት በረዶ ሆኖ ይገኛል። የልጄ ቡድን አንድ ክረምት ስድስት ጨዋታ አከታትሎ አሸነፈ። አሰልጣኙ የአንዱ ልጅ አባት ነው፤ ደሞዝ የለውም፣ ጊዜውን ሰጥቶ ነው የሚሠራው፣ ለዚህም አከብረዋለሁ። እኛ ወላጆች ቴርሞስ ይዘን አጥሩን ተደግፈን እንጮሃለን። በስድስቱ ጨዋታ ሁሉ ከወንበሩ ጫፍ፣ ከበሩ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። አረንጓዴ የሱፍ ጓንት ነበረው፤ ሌሎቹ የሆኪ ጓንት ሲያደርጉ እሱ የራሱን አውልቆ ጭኑ ላይ ያስቀምጥና የሱፉን ያጠልቃል፤ ወደ በረዶው ስለማይገባ። ሥራው በር መክፈት ነበር። ጓደኞቹ ደክሟቸው ሲመጡ ብረቱን ያነሣል፣ በሩን ይስባል፣ ይገባሉ፤ ሌሎቹ ይወጣሉ፣ መልሶ ይገፋል፣ ብረቱን ይጥላል። በየአንድ ደቂቃው። ማንም ወላጅ ስለዚህ ልጅ አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም፤ ስናሸንፍ ደስ ብሎኝ ነበርና አላየሁትም። ያየሁት በሰባተኛው ጨዋታ ነው። ሁለት ልጆች ታመው ቀሩ፣ ያ ልጅ መግባት ግድ ሆነ። ገባ። እግሩ አልታዘዝ አለው፤ የሆኪ ጓንቱን ለማጥለቅ እንኳ ጣቱ ደንዝዞ ነበር። ተሸነፍን። ቤቱ ሲሄድ ፊቱን ያየሁት ቀን የስድስቱ ድል ሁሉ መራራ ሆነብኝ።

ልጁን የጎዳው ሰባተኛው ጨዋታ አልነበረም፤ ስድስቱ ድሎች ናቸው። እያሸነፍን ሳለ ማንም አልጠየቀም። አሰልጣኝ መመዘን ያለበት ያኔ ነበር፣ እያሸነፍን ሳለ። ያኔ መመዘን የነበረብን ግን ውጤቱን አንሥተን አልነበረም፤ በሩን የሚከፍተውን ልጅ አይተን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ትልቁን ሊግም ሳይ ዓይኔ ወደ ወንበሩ ይሄዳል። በ16ቱ ጨዋታ ኖብላክ አራተኛውን የአጥቂ መስመር ወንበር ላይ አላደረቀውም፤ ኮነር ማክዴቪድና ሊዮን ድራይሳይትል የሚያህሉ ሁለት ሰዎች ይዞ፣ ሁሉንም ደቂቃ ለእነሱ ማሸከም እየቀለለው። ግብ ሲገባበት ልጅ ላይ ሲጮህ አላየሁትም። ያ በጨለማ ያየሁት ዝምተኛ ፊት እየቆየ ትርጉም እየሰጠኝ መጣ፤ አሥረኛው ድል ላይና ከስምንቱ ድል በኋላ በመጡት ሦስት ሽንፈቶች ላይ ያው ፊት ነበር።

ግን እውነተኛው ፈተና ሜይ ላይ ነው የመጣው። በማጣሪያው ሁለተኛ ዙር ከቫንኩቨር ጋር ሦስት ጨዋታ ተጫውተው 2 ለ 1 እየተመሩ ነው። ስኪነር ሦስተኛው ጨዋታ ሳያልቅ ወጣ። የኖቬምበሩ ስኪነር ተመልሶ መጣ ተባለ። ኖብላክ ተጠባባቂውን ካልቪን ፒካርድን አስገባ፤ አራተኛውን አሸነፉ፣ አምስተኛውን ተሸነፉ። ሆኪ ላይ ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ ከወንበሩ ጫፍ መቀመጥና በር መክፈት ልማዱ ነው። 12 ጨዋታ አከታትሎ ያሸነፈው የከተማው ልጅ ሥራው እሱ ሆነ።

ስድስተኛው ጨዋታ ሜይ 18 ነው፤ ከተሸነፉ ወቅቱ አለቀ። ጋሼ ቤት ተሰብስበናል። ከጨዋታው በፊት የወሬው ሁሉ ማዕከል አንድ ጥያቄ ነበር። ኖብላክ ስኪነርን መለሰው።

«አበደ?» አሉ ጋሼ።

5 ለ 1 አሸነፉ። ሰባተኛውንም 3 ለ 2 አሸነፉ። ቀጥሎ ከዳላስ ጋር እንዲሁ 2 ለ 1 ሲመሩባቸው ኖብላክ ከወንበርና ከወንበርም ውጭ ተቀምጠው የነበሩ ልጆች አነሣ፤ ሽማግሌውን ኮሪ ፔሪንና ወጣቱን ፊሊፕ ብሮበርግን አስገባ፤ ሦስት ጨዋታ አከታትለው አሸንፈው ወደ ፍጻሜው አለፉ። እነዚህ ልጆች ሲጠሩ እግራቸው አልደነዘዘም ነበር። ያን ሳይ ትዝ ያለኝ ያ አረንጓዴ ጓንት ነበር።

ፍጻሜውን ታውቁታላችሁ። በፍሎሪዳ 3 ለ 0 ተመሩ፣ 3 ለ 3 አደረጉት፣ ጁን 24 ላይ ሰባተኛውን 2 ለ 1 ተሸነፉ። ጋሼ ቴሌቪዥኑን አጠፉት፣ መብራቱን ግን ማንም አላጠፋም። ብዙ ከቆዩ በኋላ «መለሰው እኮ» አሉ። ስለ ስኪነር ነው። «ያን ልጅ ትቶት ቢሆን ማንም አይፈርድበትም ነበር። መለሰው።»

እኔ ለኖብላክ ነጥብ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ 16ቱን ድል ለግብ ጠባቂዎቹ ጓንት እተዋለሁ። ዉድክሮፍትን በተመለከተ ደግሞ በኖቬምበር ያልኩትን አንሥቻለሁ፤ ጋሼም አንሥተዋል። የእናንተ ቡድንም፣ የሆኪ ይሁን የእግር ኳስ፣ የሊግ ይሁን የሰፈር፣ እያሸነፈ ሳለ አምስት ደቂቃ ዓይናችሁን ከኳሱ ላይ አንሡና ወንበሩን እዩልኝ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ማን እንደሆነ እዩ፣ ስንት ጨዋታ እዚያ እንደተቀመጠም ቁጠሩ።